አንድ የማውቀው ሰውዬ ሐይቅ ሊሻገር ነው

ነይ ሲስተር፣ ግቢ ግቢ! ኧረ ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ገና አልተጠረገም፤ ያው የክር ቁርጥራጭ ነው። ደህና አደርሽ? ልጆችሽስ? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እሰይ፣ እሰይ። ቀኑ ደግሞ እንዴት ያምራል ዛሬ... ንፋስ የለ፣ ደመና የለ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ብርድ ልብሱን ያጥባል፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ የታመመ ዘመድ ካለው ይጠይቃል። ጤነኛ ሰው በጥሩ ቀን የሚያደርገው ይሄንን ነው... ወይስ ተሳሳትኩ?

በይ ቀሚስሽ ይኸውልሽ። እዚያች ጥግ ቀይሪና ነይ፤ መጋረጃውን ግጥም አድርገሽ ሳቢው። የጓዳው በር ክፍት ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ባለቤቴ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ካውያ ላይ ነው። ደግሞ አይሰማም። ካውያ ከያዘ ጆሮው ድፍን ነው... የሚፈልገው ወሬ ካልሆነ በቀር።

ውይ! ውይ ሲስተርዬ! ኧረ እንዴት አባቱ አምሮብሻል! በእህትሽ ሠርግ ሙሽራይቱን ማን ያያታል በሞቴ? ነይ በርጩማዋ ላይ ውጪ፣ ጫፉን ልያዝልሽ። ቀጥ በይ። አትንቀሳቀሺ፣ አታውሪም፤ ስታወሪ ወገብሽ ይነቃነቅና ቀሚሱ በአንድ ጎን ያጥርብሻል። እኔ አወራልሻለሁ። እስፒሎቹን በከንፈሬ ስለምይዛቸው ንግግሬ ይቆራረጣል... አንድ እስፒል ባወጣሁ ቁጥር ዝም እላለሁ... ነገር አለው ብለሽ እንዳታስቢ። እኔና ነገር ተዋውቀንም አናውቅ።

እኔ የምልሽ፣ አንቺ የሕክምና ሰው ነሽና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ለራሴ አይደለም። ለባለቤቴም አይደለም፤ እሱ ይኸው በሥራው ላይ ነው፣ ምን ጎድሎት! አንድ የማውቀው ሰውዬ አለ። አንቺ አታውቂውም። ብታውቂውም አታውቂውም። ስልሳውን ከተሰናበተ ቆይቷል፣ ፀጉሩ ጥጥ ነው፣ ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ጥሩ ሰው ነው፣ ሐሜት አይሁንብኝ። እና እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዕድሜው ዋና ጀመርኩ ቢል፣ ሳንባው ምን ያህል ውሃ ይይዛል? እንዲያው በግምት... ባልዲ ይሞላል?

አትሳቂ! እስፒሉ ይወጋሻል። ደግሞ ምን ያስቃል? ትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ሲያስብ መደነቅ ነው እንጂ። እኔ ተደንቄያለሁ። ሚስቱም ተደንቃለች። ሰፈሩማ ከመደነቁ የተነሣ ሥራ ፈቷል።

እንዴት እንደጀመረው ልንገርሽ? አንድ ቀን ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ፣ አረፋው በአገጩ እየወረደ፣ "ሐይቁን ልሻገር ነው" አለ። ሚስትየዋ ምስኪን፣ በጀልባ መሰላት። "እሰይ! እኔንም ይዘኸኝ ሂድ" አለችው። "በጀልባ አይደለም፣ በዋና ነው" አላት። "ዋና ትችላለህ እንዴ?" "አልችልም።" "እና?" "እማራለኋ!" ይሄው ነው። ሌላው ሰው ዋና ይማርና ኋላ ሐይቅ ያምረዋል፤ የኛ ጀግና... የነሱ ጀግና ማለቴ ነው፣ ሐይቁን አስቀድሞ ዋናውን አስከተለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ይሄዳል፣ እኔ አልክድም። ይዋኛል የሚል ግን ከአያቶቼም አልሰማሁም።

ዙሪ እስቲ። ቀስ። እንደዚያ።

ለነገሩ መጀመር ያውቅበታል። ምን ያልጀመረው ነገር አለ? አኮርዲዮን ጀመረ። የአንድ ዘፈን ግማሹን አሳምሮ ይጫወታል፤ ሌላው ግማሽ የት እንደደረሰ እስከዛሬ አልሰማንም... አልሰሙም፣ ቤተሰቦቹ። ቁም ሳጥን ሠራ፣ በር የለውም። "በር የሌለው ነው አሁን የሚወደደው" ይላል። አቧራውን የምታራግፈው እሷ ናት፤ መቼም መውደድ ድካም አለው። ንብ ማርባትም ጀምሮ ነበር። ያንንስ አልተወውም፣ እውነት እንነጋገር... ንቦቹ ናቸው የተዉት። ከርሞ ጥጃ የሚሉት አሉ። እኔ አላልኩም! አፌ ላይ እስፒል ይዤ እንዲህ ያለ ቃል አልናገርም።

በሙያው ግን ወደር የለውም። አዎ፣ እሱም ልብስ ሰፊ ነው... ምነው እንዲህ አየሽኝ? በዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ቀጥ በይ። እሱም ከሚስቱ ጋር ነው የሚሠራው፤ መቼም ባለሙያ ከባለሙያ ይጋባል። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ከዚያ ለሙከራ ያህል በነጭ ክር ላላ ላላ አድርጎ በእጁ ያያይዘዋል፤ ሳብ ቢያደርጉት ሙልጭ ብሎ የሚወጣውን ክር ታውቂው የለ? አንቺም ባለፈው ሳምንት ቀሚስሽን የለካሽው በዚያው ክር እያለ ነው። ደንበኛው ለብሶ ይታያል፣ ልኩ ይስተካከላል። ከዚያ ሚስትየዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ ደህና አድርጋ ትሰፋውና ነጩን ክር ለቅማ ታወጣዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እሱ አያይዞ ይሰጣታል፣ እሷ ትጨርሳለች። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!" የሚለው ግን እሱን ነው። ይባረክ! ደግሞ ለሱ ያንሰዋል? የሚስቱ እጅ እንደሆነ ሥራ ላይ ነው፣ ለምርቃት ጊዜ የለውም።

ታዲያ ልምምዱን በሳፋ ጀመረልሽ። አዎ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ! ጓሮ ያስቀምጥና ውሃ ይሞላበታል፣ ይንበረከካል፣ ፊቱን ይነክራል፣ ቡልቅ ቡልቅ ቡልቅ። የትንፋሽ ልምምድ ነው አሉ። ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አሻግራ ስታይ ሰውዬው ሳፋ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል፤ "ኧረ የሰው ያለህ!" ብላ ዘላ ገብታ በሁለት ጆሮው ይዛ ጎትታ አወጣችው። ሐይቅ ሊሻገር የተነሣ ሰው ከሳፋ በሰው እጅ ወጣ። ጆሮው እስከ ማታ ቀይ ነበር። ሚስትየዋ ቅባት ቀባችው፣ ምን ታድርግ።

ከሳፋው ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ተሻገረ። ይሄንን ስሚና ፍረጂ። አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ክራቫቱን ያሰረ፣ ጨዋ ልጅ፣ ሱሪውን ሊወስድ ይመጣል። ምን ያያል? ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ በሆዱ ተኝቷል። እጆቹን ወደፊት ይወረውራል፣ በእግሩ አየሩን ይደበድባል፣ የቁልፉ ቆርቆሮ ወዲያ ተሽቀንጥሮ ቁልፉ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ከሆዱ ሥር የተነጠፈው የማን ኮት ይመስልሻል? የልጁ! ልጁ ግን አስተዳደግ አለው፤ "ጋሼ፣ ሱሪዬ ደርሷል?" አለ በትሕትና። ሰውዬው ዋናውን ሊያቋርጥ? በጭራሽ። አንገቱን ወደ ቀኝ አውጥቶ "ማክ..." አለ፣ ፊቱን ኮቱ ውስጥ ቀበረ፣ በግራ በኩል ሲወጣ "...ሰኞ!" አለ። ልጁ ሰኞም መጣ፣ ማክሰኞም መጣ። ሱሪው ሐሙስ ደረሰ።

ከዚያ መነጽር ተገዛ። ያ ዓይንን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው፣ ሰማያዊው፣ የዋናው። ሲያደርገው ምን እንደሚመስል አልነግርሽም፣ ዝንብ ትቀየመኛለች። "ልልመደው" ብሎ አድርጎት ይውላል። አድርጎት ደንበኛ ይለካል። በቀደም አንዲት ሴትዮ ደረቷን ሊለካት ሲጠጋ "ምን ልትሆን ነው?" ብላ በቦርሳዋ ብላዋለች... ምን? የኔ ባል? አይ፣ እሱ መነጽር ያደረገው የካውያው እንፋሎት ዓይኑን እያስቸገረው ነው። እንዴት ነገሩን ከነገር ታገናኚዋለሽ አንቺ ደግሞ!

ወደ ግራ ትንሽ። ጎሽ።

ከዚያ የዋና ክበብ ገባ። ክበቡ ውስጥ የትልቅ ሰው ጀማሪ የለም። ለምን ይኖራል? ትልቅ ሰው ወይ በልጅነቱ ተምሮታል፣ ወይ ትቶታል። ስለዚህ ከሕፃናቱ ጋር ተመደበ። ምድቡም ስም አለው፤ "እንቁራሪቶች" ይባላል። ሌሎቹ እንቁራሪቶች የመጀመሪያ ጥርሳቸውን ገና እየጣሉ ነው፤ እሱም ለነገሩ እየጣለ ነው፣ በዚያ ይገናኛሉ። አሠልጣኟ የልጅ ልጁ የምትሆን፣ ፊሽካ በአንገቷ ያንጠለጠለች ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን የዳክዬ ራስ ያለው በአየር የተነፋ ቀለበት አጠለቀችለት። አልተቃወመም! ቤት ሚስቱ "ሹራብ ልበስ፣ ይበርድሃል" ስትለው "እኔ ሕፃን ነኝ?" ብሎ የሚፎክር ሰው፣ እዚያ ዳክዬ አጥልቆ "እሺ አሠልጣኝ" ይላል። ልጆቹ ደግሞ ሲወዱት! "አባባ፣ እግርህን! አባባ፣ አይዞህ!" ይሉታል። ቤት ሲመጣ ፊቱ በርቶ "ዛሬ ጎበዝ ተባልኩ" አላት። ሚስቱ ስንት ጊዜ ጎበዝ ብላዋለች መሰለሽ፣ ስንት ጊዜ! ፊሽካ ስለሌላት ይሆናላ ያልሰማት።

ቆይ ዋናውን ገና አልነገርኩሽም። ቁምጣውን።

ይሄ ሰውዬ የተገዛ ልብስ ገላውን ነክቶ አያውቅም። ኩራቱ ነው። ካልሲ እንኳ በግድ ነው የሚገዛው። ስለዚህ "የዋና ቁምጣ ከሱቅ አልገዛም፣ ራሴ እሰፋለሁ" አለ። ይስፋ! ሙያው ነው። በምን ጨርቅ? ከሙሉ ልብስ በተረፈ ጨርቅ። ግራጫ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው፣ አለቆች የሚለብሱት። ገበር አደረገለት። ሁለት የጎን ኪስ፣ አንድ የኋላ ኪስ ከነቁልፉ። ፊት ለፊቱን በካውያ ተኩሶ መስመር አወጣለት፣ ወረቀት የሚቆርጥ መስመር... ውሃው ውስጥ ስብሰባ ያለው ይመስል።

ግን ለሚስቱ አላሳያትም። ተደብቆ ነው የሠራው። እንዳትስቅበት ይሁን ሊያስደንቃት፣ እሱ ያውቃል። ቆረጠ፣ በነጩ ክር አያያዘ፣ ለበሰ፣ መስታወት ፊት ቆመ፣ "አለቀ!" አለ። ገባሽ ሲስተር? ዕድሜ ልኩን ልብስ ከእጁ የሚወጣው በነጭ ክር ተያይዞ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተጨርሶ መስቀያው ላይ ያየዋል። መሐል ላይ ምን እንደሚሆን ጠይቆ አያውቅም። ልብስ በራሱ ጊዜ የሚጠናከር ነገር መስሎታል! እንጀራውን የበላበት ሙያ እኮ ነው... ተይው፣ ሆድ ይፍጀው።

ዳክዬውን አስወልቀውት በራሱ የሚዘልበት ቀን ነበር። ወላጆች ሁሉ ዳር ዳር ተቀምጠዋል። ልጆቹ "አባባ! አባባ!" ይላሉ። እሱ ቁምጣውን ሳብ አደረገ፣ መስመሩን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፋ፣ ዘለለ። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባል ነበር ድሮ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ተረቱ መሻሻል አለበት። ገንዳው ግማሹ ወላጆቹ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ... ቆይ ይቺን እስፒል ላውጣት... ከዚያ ውሃው ጸጥ አለ። በመጀመሪያ አንድ ኪስ ብቅ አለ። ብቻዋን፣ ከነቁልፏ። ቀጥሎ ሌላ ኪስ። ቀጥሎ ገበሩ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ወጣ። ሰውዬው ሳይመጣ ልብሱ በክፍል በክፍል መጣ! አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ኪሱን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ላይ አነሣችና፣ ገንዳው ሁሉ እስኪሰማ፣ "አባባ፣ ወደቀብህ!" አለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። ተደብቀው የታጠቁት ግን በሰው ፊት ነው የሚፈታው፣ ይሄንን አባቶችም አልደረሱበትም። ከገንዳው አልወጣም አለ። ልጆቹ ወጡ፣ ወላጆቹ ወጡ፣ እሱ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ "ትንሽ ልለማመድ" ይላል። አሠልጣኟ ናት በኋላ ዓይኗን በእጇ ከድና ትልቅ ፎጣ የወረወረችለት። እንዲህ ባለ ጨዋነት ነው እንግዲህ የተመረቀው።

አንቺ ሳቂ አሁን፣ ከበርጩማዋ ውረጂና ሳቂ። ሳቂ፣ ይውጣልሽ። እኔ አልሳቅኩም መሰለሽ? ሚስቱም ስቃለች... በኋላ። መጀመሪያ አልሳቀችም። ቤት ገብቶ ቁርጥራጩን፣ ከነውሃው፣ መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠና ሄዶ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ብቻ አየችው። ሰውየው በስተርጅናው እንዲህ አንገቱን ሲደፋ አይታው አታውቅም። ምን አደረገች? አደረቀችው። ሰፋችው። አንዴ ሰፍታ በላዩ ደግማ ሰፋችው። ላስቲክ አስገባችበት፣ በላስቲኩ ላይ ማሰሪያ ጨመረችበት፣ ኪሶቹን ውሃ እንዳይሞሉ አፋቸውን ዘጋቻቸው። በሬ ቢጎትተው አይቀደድም አሁን። ትተወው ነበር እኮ! ቁርጥራጩን ጠቅልላ ብትጥለው ሐይቁም እዚያው፣ ሰውዬውም እዚሁ ይቀር ነበር። ሞኝ ናት። እኔ ሞኝ ናት እላታለሁ፣ ፊት ለፊቷ።

በይ ተመለሺ፣ የኋላው ይቀራል።

እንግዲህ ዛሬ ነው። አዎ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ! ክበቡ በየዓመቱ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ያሻግራል፣ ሰውዬውም ተመዝግቧል። አሠልጣኟ "ይችላል" ብላለች። ጀልባ አብሮ ይሄዳል ብላለች። ጥሩ። ለሷ አንድ ተማሪ ነው፣ ሌላ ተማሪ አላት። ለሚስቱስ? ገንዳ ሌላ ነገር ነው ሲስተር፣ ገንዳ ውስጥ ቢደክምሽ እግርሽ መሬት ያገኛል። የሐይቁን መሐል ማን ነክቶት ያውቃል? ትፈራለች። ይሄን እንኳ በእስፒል አልሸፋፍንልሽም፣ ትፈራለች። ውሃን በባልዲ እንጂ በሌላ የማታውቅ ሴት፣ ሰሞኑን ባልዲውን እንኳ ከግማሽ በላይ አትሞላም።

"እኔም ልምጣና ማዶ ቆሜ ልጠብቅህ" አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? "አትምጪ። ዓይንሽን ካየሁ እሰምጣለሁ።" እስቲ ፍረጂ! ይሄ ፍቅር ነው ስድብ ነው? እኔ እስካሁን አልገባኝም... እሷ ማለቴ ነው። ከፋት። በጣም ነው የከፋት። እንቁራሪቶቹ ሁሉ ማዶ ሆነው ያጨበጭባሉ፣ የእንቁራሪቶቹ እናቶች ያጨበጭባሉ፣ ፊሽካው ይነፋል፣ ያ ቁምጣ ከውሃ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል... የሰፋችው ሴት ግን ቤቷ ቁጭ ብላ የሰው ቀሚስ ጫፍ ትይዛለች። ለዚያች ሴት አዝንላታለሁ። ብትናገረው ደግሞ ምቀኛ ትባላለች። ስለዚህ ዝም አለች። እኔም ዝም ነው የምለው፤ ምን አገባኝ በሰው ትዳር?

ቆይ... ካውያው ጸጥ አለ። ሰማሽ? የመጨረሻዋን ኮት ጨረሰ ማለት ነው ባለቤቴ። ጨረሰ! ይሄን ጆሮሽ ስለሰማ ምስክር ትሆኚኛለሽ።

እህ... ቦርሳ ይዟል። ባለቤቴ ቦርሳ ይዞ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። አልጠየቅኩትም፣ ሰው በጥሩ ቀን መንሸራሸር መብቱ ነው። መነጽሩንም ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ነው፤ ረስቶት ነው፣ አትንገሪው። በዚህ በኩል ያልፋል፣ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊለት። እንዲያ።

ምነው በሩ ላይ ቆመ? ንፋስ እያስገባብን ነው እኮ። ወይ ግባ ወይ ውጣ አይባል ነገር... አውቀዋለሁ። ሲስተር፣ አትዙሪ፣ እንዳላየሽ ሁኚ። ይሄ ሰው እኔ ሳልመርቀው ፀጉሩን ሊቆረጥ እንኳ ሄዶ አያውቅም። ከተጋባን ጀምሮ ለደግም ለክፉም ሲወጣ እዚያች በር ላይ ይቆማል፤ እኔ ከመኪናዬ ሳልነሣ አንድ ሁለት ቃል እጥልለታለሁ፣ ይሄዳል። ዝም ካልኩት ይመለሳል። እውነቴን ነው፣ ይመለሳል። አሁን አፌን ገጥሜ ይሄን ጫፍ ብጨርስ፣ ቦርሳውን እዚያች ወንበር ላይ ያስቀምጥና "ዛሬ ደክሞኛል" ብሎ ጓዳ ይገባል። ሐይቁም ያለ እሱ ይውላል። ማንም አይሰምጥም። ማንም ማዶ አይቆምም። እኔም ባልዲዬን ሙሉ እቀዳለሁ።

አንድ ጊዜ ዝም ማለት ብቻ ነው እኮ የሚጠበቅብኝ። ቀላል ነው አይደል? ለሌላ ሰው ቀላል ነው...

ባለቤቴን ምን ብዬ እመርቀዋለሁ? እሱ የትም አይሄድ፣ ሲንሸራሸር ደህና ይዋል። ለዚያ ለማውቀው ሰውዬ ግን፣ ሚስቱ ሥራ ላይ ስለሆነች የሚመርቀው የለውም፣ እኔ ልተካላት። በሩ ላይ የቆመ ሰው ካለም ይስማ፣ ምርቃት ለሁሉም ይበቃል። እስፒሎቹን ከአፌ ላውጣቸው። እጅሽን ዘርጊ ሲስተር፣ አንቺም አሜን በይ።

ያሰበውን ይሙላለት። ፀሐይዋ ትሙቅለት፣ ንፋሱ ይተኛለት፣ እግሩን ቁርጥማት አይያዝበት። ከፊቱ የሚዋኙትን ጎረምሶች ሁሉ ይጠብቅለት፤ ከኋላው የሚጠበቅ ሰው እንኳ አይኖርም። በሰላም ገብቶ በሰላም ማዶ ይውጣ። ውሃው እንደ ሚስቱ ቻይ ይሁንለት፤ እሷ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትሸከመው አንድ ቀን ጥላው አታውቅም፣ አንድ ቀን "ከበድከኝ" ብላው አታውቅም፤ ሐይቁም አይጣለው፣ ሐይቁም አይበለው። ደግሞ እንደሷ ጨዋ ይሁንለት የኔ ጌታ፤ እሷ እሱ ከቤት በወጣ ቁጥር በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ነው "እፎይ" የምትለው፤ ሐይቁም እፎይ ሳይል ሰውዬው ልብሱን ለብሶ ርቆ እስኪሄድ ይጠብቅለት።